የከዋክብት ሞዴል ከምልከታ ጋር ስለ ገጠመ ብቻ ትክክል ነው ማለት ይቻላልን?

ጣና ዳር (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር የሁለተኛ ዲግሪ የፊዚክስ ትምህርቴን እየተከታተልሁ የከዋክብትን አወቃቀርና ዝግመተ ለውጥ በኮምፒውተር ማስላት ጀምሬአለሁ። የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ የቀረበውንና ለማንኛውም ተመራማሪ በነጻ የሚሰጠውን ሜሳ የተባለ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ኮከቡን ከመሐሉ እስከ ገጹ በብዙ ቀጫጭን ንብርብሮች ይከፍልና አራቱን መሠረታዊ እኩልታዎች፣ ማለትም የመጠነ ቁስን ስርጭት፣ የስበትንና የግፊትን ሚዛን፣ የኃይልን መመንጨትና የኃይልን መጓጓዝ የሚገልጹትን፣ በሁሉም ንብርብሮች ላይ በአንድነት ይፈታል። ከዚያም በኑክሌር ውህደት ምን ያህል ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም እንደ ተለወጠ አስልቶ ጊዜውን ወደ ፊት ያራምዳል።

ለሥራዬ የመረጥሁት በሸርጣን ህብረ ኮከብ ውስጥ የሚገኘውን ሜሲየር 67 የተባለ የከዋክብት ስብስብ ነው። ከእኛ ወደ 2,800 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ዕድሜው 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ የኬሚካል ይዘቱም ከፀሐይ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ከሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን 11.8 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ በመጋቢት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በባሕር ዳር አናት ላይ ያልፋል፤ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ከሐይቁ ዳር በአቅራቢ መነጽር የሚመለከት ሰውም እንደ ደብዛዛ ጭጋግ ሊያየው ይችላል። የእያንዳንዱን ኮከብ ድምቀት፣ ቀለምና ርቀት የወሰድሁት ግን ጋያ ከተባለችው የአውሮፓ የጠፈር መመልከቻ ሦስተኛ የመረጃ ስብስብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዕድሜያቸው እኩል፣ መጠነ ቁሳቸው ግን የተለያየ ከዋክብትን አስልቼ በአንድ መስመር ሳገናኛቸው፣ ያ መስመር በስብስቡ የቀለምና የድምቀት ግራፍ ላይ በደንብ ይቀመጣል። የሚያሳስበኝ በደንብ የሚቀመጠው መስመር አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሚናጠው የኮከቡ እምብርት ወሰን አልፎ የሚሄደውን ፍሰት ከፍ ሳደርገው 4.2 ቢሊዮን ዓመት የሆነው መስመር ይገጥማል፤ ፍሰቱን ቀንሼ ርቀቱንና በመካከል ያለውን የአቧራ መጠን ጥቂት ሳስተካክል ደግሞ 3.6 ቢሊዮን ዓመት የሆነውም እንዲሁ ይገጥማል። በግራፉ ታችኛ ጫፍ ባሉት ትንንሽ ከዋክብት ዘንድ ግን የትኛውም መስመር አይገጥምም፤ ሞዴሉ ከዋክብቱን ከሚታዩት ይልቅ ሰማያዊ አድርጎ ያሳያቸዋል። እንግዲህ ፓራሜትሮችን፣ ማለትም በነጻ የሚመረጡትን ቁጥሮች፣ በመቀያየር ሁልጊዜ ማስማማት የሚቻል ከሆነ፣ ሞዴሉ ተፈተነ የሚባለው በምን ጊዜ ነው? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

---

ከፔዳ ማዶ (መልስ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎ የዚህ ሙያ ዋና ጥያቄ ስለሆነ በሰፊው ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ ሞዴልን ማስተካከልና ሞዴልን መፈተን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አጥብቀው ይያዙ። ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ለዚያው ሰው ልክ በመሆኑ የልብስ ሰፊው ሙያ አይመሰከርም፤ ሙያው የሚታወቀው ያንኑ አሠራር ይዞ ለሌላ ሰው ሲሰፋ ነው። በእኛ ዘንድ ልኩ የሚወሰደው ከፀሐይ ነው። አንድ የፀሐይ መጠነ ቁስ ያለውን ኮከብ እስከ 4.57 ቢሊዮን ዓመት ድረስ ስናሰላ ሦስት ነገሮችን በነጻነት እንለዋውጣለን፤ እነርሱም የመነሻው ሂሊየም ድርሻ፣ ከሂሊየም የከበዱት ንጥረ ነገሮች የመነሻ ድርሻ፣ እንዲሁም በኮንቬክሽን (ሞቃቱ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘው ወደ ታች በሚወርድበት መናጥ) የሚንቀሳቀስ ጋዝ ከአካባቢው ጋር ከመዋሐዱ በፊት የሚጓዘውን ርቀት የሚወስነው ፓራሜትር ናቸው። እነዚህን ሦስቱን የምናስተካክለው የፀሐይን ብርሃን፣ ሬዲየስና በገጿ ላይ ያለውን የከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ እንዲሰጡን ነው። ሦስት የማይታወቁ ነገሮችን በሦስት መረጃዎች ስለ ወሰንን፣ ሞዴሉ የፀሐይን ብርሃንና ሬዲየስ በትክክል ሰጠ ብሎ መደሰት ተገቢ አይደለም፤ እንዲሰጥ አድርገነዋልና።

ፈተናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የፀሐይ ገጽ በአምስት ደቂቃ ገደማ ዑደት ይንቀጠቀጣል፤ ከዚህ ንዝረት ተነሥቶ የኮንቬክሽኑ ንብርብር ታችኛ ወሰን ከማዕከሉ 0.713 የፀሐይ ሬዲየስ ላይ እንደሚገኝ፣ በገጹ ላይ ያለው የሂሊየም ድርሻም 24.85 በመቶ ገደማ እንደሆነ ተለክቷል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለማስተካከያ አልተጠቀምንባቸውም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ስለ እነርሱ የሚናገረው እውነተኛ ትንበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የፀሐይ የኬሚካል ይዘት ሠንጠረዥ ጥቅም ላይ ሲውል ሞዴሉ ለሁለቱም በጣም ይቀርባል። በ2009 የታተመውና የከባድ ንጥረ ነገሮችን ድርሻ ወደ 1.34 በመቶ ዝቅ ያደረገው ሠንጠረዥ ሲገባ ግን የኮንቬክሽኑ ወሰን ከ0.72 በላይ ይወጣል፤ የሂሊየሙም ድርሻ ከተለካው ያንሳል። ይህ ልዩነት በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ከመለኪያው የስሕተት ወሰን ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ባለሙያዎቹን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኔ አስተያየት ከፀሐይ ሞዴል የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የተስተካከለ ሞዴል እንኳ ሊወድቅ የሚችልበት ቦታ አለው፣ ያንን ቦታ መፈለግም የእኛ ሥራ ነው።

ወደ ሜሲየር 67 ስንመለስ፣ የእርስዎ ችግር የሚገኘው በመታጠፊያው ነጥብ አካባቢ ነው፤ ይህም ከዋክብት በእምብርታቸው ሃይድሮጅንን እያዋሐዱ ከሚኖሩበት ዋና ተርታ መውጣት የሚጀምሩበት የግራፉ ስፍራ ነው። መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 1.1 ወይም 1.2 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ኮከብ የኃይሉን ትልቅ ድርሻ ከካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ዑደት ማግኘት ይጀምራል። ይህ ዑደት ከሙቀት ጋር እጅግ በፍጥነት ስለሚጨምር ኃይሉ በጠባብ ማዕከል ይከማቻል፤ እምብርቱም በኮንቬክሽን መናጥ ይጀምራል። የሜሲየር 67 የመታጠፊያ ከዋክብት ከዚህ ወሰን ጥቂት አለፍ ያሉ በመሆናቸው እምብርታቸው ትንሽ ነው፤ ከትንሽ እምብርት ወሰን ምን ያህል ፍሰት እንደሚያልፍ ደግሞ ከመሠረታዊ እኩልታዎቹ በቀጥታ አይወጣም። ፍሰቱ ሲጨምር ለእምብርቱ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይቀርብለታል፣ ኮከቡም በዋናው ተርታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ መታጠፊያ የሚበልጥ ዕድሜ ያገኛሉ። ያዩት የ4.2 እና የ3.6 ቢሊዮን ዓመት ምርጫ የዚህ ውጤት ነው፤ በቀለምና በድምቀት ግራፍ ብቻ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ መለየት ይከብዳል።

ስለዚህ ግራፉ ያልያዘውን ሌላ መለኪያ ያስገቡ። የኬፕለር የጠፈር መመልከቻ በሁለተኛው ተልእኮው እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ ስብስብ ተመልክቶ ነበር። ከቀይ ግዙፎቹ፣ ማለትም የእምብርታቸውን ሃይድሮጅን ጨርሰው ካበጡት ከዋክብት፣ ንዝረት የተገኘው መጠነ ቁስ ከፀሐይ 1.35 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱን መስመሮችዎን ወደ ቀይ ግዙፎች ቅርንጫፍ ይከተሉና እያንዳንዳቸው በዚያ ምን መጠነ ቁስ እንደሚሰጡ ያንብቡ። አንደኛው ከሌላኛው ይልቅ ከተለካው ሊርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ፈትነዋል ማለት ይቻላል።

---

ሰሜን ኮከብ (መልስ)

ከላይ የተሰጠው መልስ የተሟላ ነው። እኔ ግን በቴሌስኮፕ ልኬት ላይ የቆየሁ ሰው በመሆኔ ከምልከታው ወገን የምጨምረው አለኝ፤ ምልከታ ራሱ ያለ ሞዴል አይገኝምና።

ጋያ የምትሰጠው ፓራላክስ (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ የሚያሳየው ጥቂት መፈናቀል፤ ርቀቱ የሚሰላውም ከእርሱ ነው) በ0.02 እና በ0.04 ሚሊ አርክ ሰከንድ መካከል ያነሰ ሆኖ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ትክክለኛው እርማትም በኮከቡ ድምቀት፣ በቀለሙና በሰማይ ላይ ባለበት ቦታ ይወሰናል። የሜሲየር 67 ፓራላክስ ከ1.2 ሚሊ አርክ ሰከንድ ያነሰ ስለሆነ ይህን እርማት መዘንጋት ርቀቱን እስከ 3 በመቶ፣ ድምቀቱንም እስከ 0.07 ማግኒቱድ (የኮከብ ድምቀት መለኪያ) ያዛባል። ይህ እርስዎ ርቀቱን ጥቂት ሳስተካክል ብለው ከገለጹት ጋር የሚነጻጸር መጠን ነው። ስለሆነም ርቀቱን መስመሩ እንዲገጥም ብለው አያንቀሳቅሱት፤ እርማቱን አድርገው፣ የስሕተቱን ወሰን ጽፈው፣ እዚያው ይተዉት። አቧራውንም እንዲሁ፤ ወደ ሜሲየር 67 በሚወስደው መንገድ ያለው አቧራ አነስተኛ መሆኑ ከሌሎች ጥናቶች ስለሚታወቅ፣ ከእርስዎ መስመር ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ነገር ሊሆን አይገባም።

ሌላው ጉዳይ ጥንድ ከዋክብት ናቸው። ሁለት እኩል ከዋክብት ተቀራርበው እንደ አንድ ሲታዩ ድምቀታቸው በ0.75 ማግኒቱድ ይጨምራል፤ በዚህ ምክንያት ከዋናው ተርታ በላይ ሌላ ትይዩ ተርታ ይፈጠራል። መታጠፊያው አካባቢ ይህ ተርታ ከነጠላዎቹ ጋር ስለሚቀላቀል መስመርዎን ሳያውቁት ወደ ላይ ሊስበው ይችላል። በዚህ ስብስብ ውስጥ ከመታጠፊያው በላይ ሰማያዊ ሆነው የቀሩ ከዋክብትም አሉ፤ እነርሱ ከሌላ ኮከብ መጠነ ቁስ የተቀበሉ ወይም የተዋሐዱ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ለነጠላ ኮከብ ሞዴል መፈተኛ አይሆኑም።

በታችኛው ጫፍ ያዩት አለመግጠም ደግሞ የእርስዎ ስሌት ብቻ የሚያሳየው አይደለም። እርስ በርስ በሚጋረዱ ጥንድ ከዋክብት አማካይነት ሬዲየሳቸው በቀጥታ የተለካ ትንንሽ ከዋክብት ብዙውን ጊዜ ሞዴሉ ከሚለው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሰፋ፣ በገጻቸውም ቀዝቀዝ ብለው ይገኛሉ። ማግኔታዊ መስክና በገጻቸው ላይ ያሉ ጥቁር ነጥቦች እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ከባቢ አየር ብዙ ሞለኪዩሎችን ስለሚይዝ የሞዴሉን ሙቀት ወደ ጋያ ቀለም የምንለውጥበት ሠንጠረዥ በዚያ ክልል ደካማ ነው።

እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው በመጀመሪያ አልፋ ሴንታውሪን እንዲያሰላ ነው። ከባሕር ዳር በግንቦት ምሽቶች በደቡብ አድማስ ላይ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ በግልጽ ይታያል። ሁለቱ ዋና ከዋክብት አንዱ ሌላውን ሲዞር መጠነ ቁሳቸው ይለካል፤ ሬዲየሳቸው የበርካታ ቴሌስኮፖችን ብርሃን በሚያጣምር ኢንተርፌሮሜትር ተለክቷል፤ ንዝረታቸውም ታይቷል። ለሁለቱም አንድ ዕድሜና አንድ የመነሻ ኬሚካል ይዘት መስጠት ግዴታ ስለሆነ ፓራሜትርን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ነገር ግን የትልቁ ኮከብ መጠነ ቁስ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከፀሐይ 1.13 እጥፍ፣ በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 1.08 እጥፍ ገደማ ተብሏል። ብርሃን ከመጠነ ቁስ አራተኛ ርቢ ጋር በግምት ስለሚያድግ ይህ የ5 በመቶ ልዩነት በሞዴሉ ብርሃን ላይ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ሞዴሉንና ምልከታውን ሲያነጻጽሩ ስሕተቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድመው አይወስኑ።

---

ጣና ዳር (ተጨማሪ ጥያቄ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርቀቱንና አቧራውን ከሌሎች ጥናቶች ወስጄ አስሬ ስሌቱን እደግመዋለሁ፤ የቀይ ግዙፎቹንም መጠነ ቁስ አነጻጽራለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ይህን ሁሉ አድርጌ ሁለቱም መስመሮች ሳይገጥሙ ቢቀሩ፣ በሞዴሉ ላይ አዲስ የፊዚክስ ሂደት መጨመር መቼ ይገባኛል? ሜሳ ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ብዙ ሂደቶች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ከፍቶ ማስማማት ፓራሜትርን ከመቀያየር በምን ይለያል?

---

የዓባይ መነሻ (መልስ)

ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው የጠለቀ ሆኖ ስላገኘሁት ከሙያው ታሪክ አንድ ምሳሌ ላቅርብ።

ሬይመንድ ዴቪስ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ በሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ 600 ቶን ያህል ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ አስቀምጦ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከፀሐይ እምብርት የሚወጡትን ኒውትሪኖዎች (ከቁስ ጋር እጅግ ጥቂት ብቻ የሚነካኩ ቅንጣቶች) ቆጠረ። ያገኘው ጆን ባኮል በፀሐይ ሞዴል ካሰላው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሞዴሉን ማስማማት በቀላሉ ይቻል ነበር፤ ዴቪስ በዋናነት የቆጠራቸው ከቦሮን 8 የሚወጡት ኒውትሪኖዎች ከእምብርቱ ሙቀት 24ኛ ርቢ ጋር በግምት ስለሚያድጉ፣ ሙቀቱን 4 ወይም 5 በመቶ ዝቅ ማድረግ ልዩነቱን ያጠፋዋል። ይህን ለማድረግም ልዩ ልዩ ሂደቶች ቀርበው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥገና ሌላ መዘዝ ነበረው፤ የእምብርቱ ሙቀት ከተለወጠ በውስጡ ድምፅ የሚጓዝበት ፍጥነት ይለወጣል። በ1990ዎቹ የፀሐይ ንዝረት በጥንቃቄ ሲለካ መደበኛው ሞዴል በድምፅ ፍጥነት ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ገጠመ፤ የቀዘቀዙት ሞዴሎች ግን ወደቁ። በ2001 እና በ2002 በካናዳ ሰድበሪ የኒውትሪኖ መመልከቻ የተገኘው ውጤት ደግሞ ኒውትሪኖዎቹ በጉዟቸው ዓይነታቸውን እንደሚለውጡ፣ ጠቅላላ ብዛታቸውም ሞዴሉ እንዳለው መሆኑን አሳየ። ዴቪስ በ2002፣ የሰድበሪው አርተር ማክዶናልድ ከጃፓኑ ታካኪ ካጂታ ጋር በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ የማወጣው መመዘኛ የሚከተለው ነው። አንድ ሂደት ወደ ሞዴል ሊገባ የሚገባው ሊያስማማው የታሰበውን ልዩነት ስላስማማ ሳይሆን፣ ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር ተንብዮ ያ ነገር ሲገኝ ነው። ለእርስዎ ስብስብም ጥሩ ምሳሌ አለ። ከባድ ንጥረ ነገሮች በስበት ምክንያት ከኮከቡ ገጽ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚሰምጡ የሚያስገድደው ፊዚክስ ከፀሐይ ሞዴል ይታወቃል። ይህን ሂደት ከከፈቱት በመታጠፊያው አካባቢ ያሉ ከዋክብት በገጻቸው ላይ ብረታቸው ቀንሶ መታየት አለበት፤ ኮከቡ ወደ ቀይ ግዙፍነት ሲሸጋገር ግን ኮንቬክሽኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚያማስለው የሰመጠው ወደ ገጹ ይመለሳል። ዕድሜን ለማስማማት ከተከፈተ ሂደት የወጣ፣ ስለ ኬሚካል ይዘት የተነገረ ትንበያ መሆኑን ልብ ይበሉ። የሜሲየር 67 ከዋክብት ብርሃን ተበትኖ ሲመረመር በእርግጥ የመታጠፊያዎቹ ብረት ከቀይ ግዙፎቹ አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህን ሂደት ያለ ስጋት ይክፈቱት።

በሌላው ወገን ያልተፈታም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀይ ግዙፎች እምብርት ከገጻቸው 10 እጥፍ ገደማ እየፈጠነ እንደሚሽከረከር ከኬፕለር መረጃ ታወቀ። የሚገርመው የመፍጠኑ ሳይሆን የመዝገሙ ነገር ነው፤ እምብርቱ ሲኮማተር በሞዴሉ መሠረት ከዚህ እጅግ በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር ነበረበት። ሽክርክሩን ከእምብርቱ ወደ ውጭ የሚያሻግር ሂደት እንዳለ ግልጽ ነው፤ ምንነቱ ግን አከራካሪ ነው። ሜሳ ውስጥ በቁጥር ብቻ የሚወከል ማሻገሪያ ከፍቶ ፍጥነቱን ማስማማት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ውጤት ሲጽፉ ግን ሂደቱ ተገኘ አይበሉ፤ ምን ያህል ማሻገር እንደሚያስፈልግ ተለካ ይበሉ።

---

ከፔዳ ማዶ (መልስ)

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ አሠራር ብቻ ነው። ማናቸውንም ሂደት ከመክፈትዎ በፊት ስሌቱ ራሱ የረጋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህም የንብርብሮቹን ብዛት በእጥፍ፣ የጊዜውን እርምጃ በግማሽ አድርገው ሲያሰሉ የመታጠፊያው ነጥብ እንዳይንቀሳቀስ ማለት ነው። በዚህ መጠነ ቁስ ያለ ትንሽ እምብርት ወሰኑ በንብርብሮቹ ቅጥነት በጣም ስለሚለዋወጥ፣ የፍሰት ውጤት የመሰለን የዕድሜ ልዩነት አንዳንዴ ከንብርብሮቹ ስፋት የመጣ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ባሕር ዳር መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ረጅም ስሌት እንዳይጠፋብዎ ፕሮግራሙ በየመካከሉ ሁኔታውን እንዲያስቀምጥ ያዙት፤ ሜሳ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ በማስታወሻዎ ላይ የትኞቹን መረጃዎች ለማስተካከያ፣ የትኞቹን ለፈተና እንደመደቡ ይጻፉ። የቀይ ግዙፎቹን መጠነ ቁስና የመታጠፊያዎቹን ብረት ለፈተና ይተዉ፤ ሁለቱን መስመሮች እስኪጨርሱም ድረስ ከእነርሱ ጋር አያነጻጽሩ። ውጤቱ ሲወጣ በ4.2 እና በ3.6 ቢሊዮን ዓመት መካከል የሚኖረውን የመጠነ ቁስ ልዩነት እዚሁ ቢያሳውቁን፣ ከንዝረቱ ልኬት የስሕተት ወሰን ይበልጥ እንደሆነ አብረን እንመለከታለን።